ከመድኃኒት አዋቂ ደጅ ከመቆማችን በፊት

ባለፈው ሰሚስተር መጨረሻ ገደማ አንድ ጓደኛችን ዐይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ከመኝታው መነሣት አቃተው። በመኝታ ቤቱ የነበርነው ሁሉ በሽታውን ለመሰየም ሐኪም አላስፈለገንም። «የወፍ በሽታ ነው» አልን፤ ወዲያውም ከየሀገራችን ይዘነው የመጣነውን ፍርድ ሰጠን። ይኸውም «የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም፤ የተወጋ እንደ ሆነ ይሞታል» የሚለው ነው። ከመካከላችን የሳይንስ ተማሪዎች ነበሩ፤ ነገር ግን አንዳችንም «ይህን ማን አረጋገጠ?» ብለን አልጠየቅንም። ገንዘብ አዋጥተን ከከተማው ወጣ ብለው ወደሚኖሩ አንድ መድኃኒት አዋቂ ይዘነው ሄድን።

ሽማግሌው በመልካም ፊት ተቀበሉን። ዐይኑን ገልጠው አዩ፤ ስለ ምግቡ፥ ስለ እንቅልፉ፥ ስለ ሽንቱም መልክ ጠየቁት፤ ከዚያም የተወቀጠ ቅጠል በውሃ በጥብጠው አጠጡት፤ ለሳምንትም የሚሆን ቋጥረው ሰጡት። ሳይጠይቁት የቀሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጓደኛችንም ሳይናገር የቀረው ያንኑ ነው። እኛም አናውቅም ነበር፤ ያወቅን እንደ ሆነ እንዳንሸሸው ፈርቶ ደብቆን ኖሯልና። ከሁለት ወር ጀምሮ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ይውጥ ነበር።

የሳንባ ነቀርሳ ክኒኖች አንዳንድ ጊዜ ጉበትን እንደሚጎዱ ማንኛውም የሕክምና ተማሪ ያውቃል። እንግዲህ የዐይኑ መቢጨት ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበረ፤ ያን ዕለት ወደ ሐኪሙ ሄዶ ጉበቱ መመርመር፥ ክኒኑም በሐኪሙ ትእዛዝ መቆም ይገባው ነበር። እሱ ግን ጧት ክኒኑን እየዋጠ ማታ ቅጠሉን ይጠጣ ጀመር። በስድስተኛው ቀን ማስመለሱ አልቆም ቢለውና ሰውነቱ ቢዝል ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስነው። እዚያም ሐኪሙ «ደግሞ ምን ቅጠል ጠጥተህ መጣህ?» ብለው በቁጣ ሲጠይቁት አፍሮ «ምንም አልጠጣሁም» አለ። እኛም በአጠገቡ ቆመን ዝም አልን።

እግዚአብሔር ይመስገን ጓደኛችን ድኗል፤ የዓመቱ ትምህርት ግን አምልጦታል። የጎዳው ክኒኑ ብቻ ይሁን፥ ቅጠሉ ይሁን፥ ወይስ ሁለቱ ተጋግዘው፥ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ቅጠሉ ምን እንደ ነበረ የሚያውቁት ሽማግሌው ብቻ ናቸውና። ይህን ታሪክ የምናወጣው በራሱ በጓደኛችን ፈቃድ ነው። «ሌላው እንዳይደግመው ጻፉት» ብሎናል።

በግቢያችን ስለ ሀገር መድኃኒት የሚከራከሩ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን «ሥር ማሽ፥ ቅጠል በጣሽ» እያለ ይስቃል፤ ዳሩ ግን ሆዱን ሲቆርጠው ጤና አዳም፥ ምች ሲመታው ዳማ ከሴ እየጨመቀች ያሳደገችው እናቱ ናት። ሁለተኛው ወገን አባቶቻችን ያልደረሱበት መድኃኒት የለም፥ የፈረንጅ ክኒን ሁሉ መርዝ ነው ይላል፤ ዳሩ ግን ጥርሱ ሌሊት ሲነሣበት የሚሮጠው ወደ ሐኪም ቤት ነው። እኛ ከሁለቱም ወገን አይደለንም። ሁለቱም የሚሸሹት አንድ ነገር አለ፤ እሱም መጠየቅ ነው። የሚስቀው አይጠይቅም፤ የሚያመልከውም አይጠይቅም።

ለምሳሌ ኮሶን እንውሰድ። ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ሕዝብ የኮሶ ትል የቅርብ ጠላቱ ነው። አባቶቻችን የሴቴውን ዛፍ አበባ አድርቀው፥ ወቅጠው፥ በውሃ በጥብጠው በባዶ ሆድ ይጠጡት ነበር፤ «ኮሶ ጠጥቷል» የተባለ ሰውም በዚያን ቀን ማንም አይቀየመውም፥ ከቤቱ ይውላል። ዐፄ ቴዎድሮስ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብለው ተሰደቡ እየተባለ የሚነገርለት ይህ የተናቀ ሸቀጥ በ19ኛው መቶ ዓመት ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ለሚስቀው ወገን መልስ አለን፤ ኮሶ በእውነት መድኃኒት ነበር። ለሚያመልከውም ወገን መልስ አለን፤ ይኸው ኮሶ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ክፉኛ ያስመልሳል፥ ያስቀምጣል፥ ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል፤ የዐይንን ነርቭ ጎድቶ ያሳወረበትም ጊዜ በሐኪሞች ተጽፏል። አንዱ አበባ በአንድ ልክ መድኃኒት፥ በሌላ ልክ መርዝ ነው። ዛሬ ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ የሚባል ልኩ የታወቀ ክኒን በአንድ ጊዜ ተውጦ ነገሩ ያልቃል።

እንዶድንም እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ነገሩን ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዱት፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለብዙ ዘመን ደከሙበት፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ሁለቱ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በዚያ ወንዝ ዳር ከእሳቸው በፊት ስንት ሰው አልፎ ይሆን? ሁሉም አረፋውን አይቷል፤ እሳቸው ግን «ለምን?» ብለው ጠየቁ። ይሁን እንጂ እንዶድ ቀንድ አውጣ ገደለ ማለት ሰው ይጠጣዋል ማለት አይደለም። ፅንስ ለማስወረድ ብለው እንዶድ የሚጠጡ ሴቶች በገዛ ሕይወታቸው ይፈርዳሉ።

ከሩቅም ምሳሌ እንጨምር። ቻይናዊቱ ቱ ዩዩ ከ1,600 ዓመት በፊት የተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ስታነብ፥ ለወባ የሚሆነው ቅጠል በውሃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ እንጂ እንዲፈላ አለመታዘዙን አስተዋለች። የበዛው ሙቀት ኃይሉን ያጠፋው ይሆናል ብላ በዝቅተኛ ሙቀት ብታወጣው አርቴሚሲኒን የተባለው መድኃኒት ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2015ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ዛሬ በቆላው ሀገራችን ብርቱውን ወባ የምናክምበት ክኒን ከዚያ ቅጠል የመጣ ነው። እኛም በየገዳሙና በየደብተራው ቤት የተቀመጡ የብራና የመድኃኒት መጻሕፍት አሉን፤ ነገር ግን እንደዚያች ሴት ዐይን የሚያነባቸው ጥቂት ነው።

ከዚህ ሌላ «ቅጠል ነው፥ ምን ያደርጋል?» የሚለውን አባባል መተው አለብን። በብሩክሴል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለመክሳት ሲሉ የቻይና ዕፅ ያለበትን ክኒን የዋጡ ብዙ ሴቶች ኩላሊታቸው ከሥራ ውጭ ሆነ። ነገሩ ቢመረመር አንዱ ሥር በሌላ መርዛም ሥር ተተክቶ ተገኘ። ከተፈጥሮ የመጣ መሆኑ አላዳናቸውም፤ መርዝም ከተፈጥሮ ነውና።

አሁን ወደ ወፍ በሽታ እንመለስ፤ የብዙዎቻችን እምነት የተተከለው በዚህ በሽታ ላይ ነውና። «እገሌ ሐኪም ቤት አልዳነም፤ አዋቂው በሳምንት አዳኑት» ሲባል ሰምተናል፤ ውሸትም ላይሆን ይችላል። ነገር ግን «የወፍ በሽታ» የመልክ ስም ነው እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። በተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጡት ሄፓታይቲስ ኤ እና ኢ የተባሉት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይሽራሉ፤ በዚያን ጊዜ ቅጠል የጠጣው ቅጠሉን፥ ጸበል የጠጣው ጸበሉን፥ ምንም ያልጠጣው ዕድሉን ያመሰግናል። ሄፓታይቲስ ኢ ግን ነፍሰ ጡርን ሊገድል ይችላል። ሄፓታይቲስ ቢ ደግሞ ቢጫነቱ ከጠፋ በኋላ በአንዳንዱ ሰው ጉበት ውስጥ ተሸሽጎ ለዓመታት ይኖራል፤ በመጨረሻም ጉበቱን ሊያደርቀው ይችላል። የሐሞት ጠጠር ቱቦውን ሲዘጋ ዐይን ቢጫ ይሆናል፤ መድኃኒት ጉበትን ሲጎዳም እንደ ጓደኛችን ይሆናል። አምስቱን በሽታዎች በአንድ ቅጠል አድናለሁ የሚል ሰው ቢገኝ፥ ከአምስቱ በራሳቸው የሚሽሩት ምስክር ይሆኑለታል፤ የሞቱት ግን ለመመስከር አይመጡም።

ይህን ሁሉ ማለታችን ማንም ወደ አዋቂ ዘንድ አይሂድ ለማለት አይደለም። ብንከለክልም የሚሰማን የለም፤ ሰውም የሚሄድበት ምክንያት አለው። አዋቂው በቅርብ ነው፤ በቋንቋችን ይናገራል፤ ተቀምጦ ይሰማል። ሐኪም ቤት ግማሽ ቀን ተሰልፎ ሦስት ደቂቃ የታየ ሰው፥ የማያነበውን ወረቀት ይዞ ሲወጣ ልቡ ወደ ሽማግሌው ቢሄድ አይደንቅም። ስለዚህ የምንለው እንዲህ ነው፤ የሚሄድ ሁሉ ዐይኑን ገልጦ ይሂድ።

አንደኛ፥ ወደ ማን እንደምንሄድ እንወቅ። ወጌሻ፥ የልምድ አዋላጅ፥ ቅጠል አዋቂ፥ ጠንቋይ፥ እነዚህ ሁሉ አንድ አይደሉም። የተናጋ መገጣጠሚያ በመመለስ እጁ የታወቀ ወጌሻ ስለ ጨጓራ አያውቅ ይሆናል። ይህ ጥንቃቄ በውጭ ሀገርም ያስፈልጋል። ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሚሻገሩ ጓደኞቻችን «የተፈጥሮ ሐኪም» የሚል ሰሌዳ ያያሉ፤ በአንዳንዱ ክፍለ ግዛት ያ ሰው ለአራት ዓመት ተምሮ ተፈትኖ ፈቃድ የተቀበለ ነው፤ በሌላው ግን ሕጉ ስለማይቆጣጠረው ብዙም ያልተማረ ሰው ሰሌዳውን ሊሰቅል ይችላል። እዚያም እዚህም ጥያቄው አንድ ነው፤ ከማን ተማርህ? ምን ያህል ጊዜ ሠራህበት? የማታክመውስ ምንድን ነው? «የማላክመው የለም» የሚል ሰው ካጋጠመን ተነሥተን እንውጣ።

ሁለተኛ፥ የበሽታውን ስም በምርመራ ሳናውቅ መድኃኒት አንጠጣ። ደም ማስመርመር ማንንም አይገድልም። ከምርመራው በኋላ ምርጫው የእኛ ነው።

ሦስተኛ፥ ለአዋቂውም ለሐኪሙም እንናገር። የምንውጠውን ክኒን ሁሉ፥ ያለብንን የስኳር፥ የኩላሊት ወይም የጉበት በሽታ፥ ሴቶችም ፅንስ ካለ እንዳንደብቅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለ አባቶቻችን! ነጭ ሽንኩርት እንኳ እንደ መድኃኒት በብዛት ሲወሰድ ደም የሚያቀጥን ክኒን ለሚውጥ ሰው የመድማት አደጋ አለው።

አራተኛ፥ ስለ መድኃኒቱ በአክብሮት እንጠይቅ። «አባቴ፥ ይህ ተክል ምን ይባላል? ሥሩ ነው ወይስ ቅጠሉ? ስንት ቀን ልጠጣው? ቢያስመልሰኝስ?» ማለት ነውር አይደለም። እርግጥ ብዙዎቹ «ልጄ፥ ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሸሻል» ብለው ይመልሱናል። እንጀራቸው በምስጢሩ ላይ የቆመ ነውና አንፍረድባቸው። ነገር ግን ስሙን ባይነግሩን ከተክሉ አንድ ቅጠል፥ ወይም ከዱቄቱ ቆንጥረን በወረቀት ጠቅልለን እናስቀምጥ። ጓደኛችን በታመመ ጊዜ ይህን ብናደርግ ኖሮ ዛሬ የማናውቀውን ምናልባት እናውቅ ነበር። መለኪያውንም እንጠይቅ፤ «በሲኒ» ሲባል የትኛው ሲኒ፥ «በእፍኝ» ሲባል የማን እፍኝ?

አምስተኛ፥ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በአዋቂ ቃል አናቋርጥ። የስኳር፥ የሚጥል በሽታ፥ የደም ግፊት፥ የኤች አይ ቪ፥ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሲቋረጥ በሽታው በእጥፍ ተነሥቶ ይመለሳል። የጓደኛችንም ክኒን መቆም ያለበት በሐኪም ምርመራ ነበር እንጂ በማንም ግምት አልነበረም።

ስድስተኛ፥ ምላጭ ካለበት እንሽሽ። ዋግምት፥ ብጣት፥ እንጥል ማስቆረጥ፥ የሕፃን ግግ ማስወጣት ደም ያፈስሳል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚዘዋወር ምላጭም ሄፓታይቲስና ኤች አይ ቪ ይተላለፋል። በተለይ በየቤታችን ያሉትን ታናናሾቻችንን ከእንጥልና ከግግ ማስወጣት እናድናቸው፤ ጥቅሙ ያልታየ፥ ጉዳቱ ግን የታወቀ ነው።

ሰባተኛ፥ ቀን እንቁረጥ። «እስከዚህ ቀን ካልተሻለኝ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» ብለን ለጓደኛ ነግረን እንጀምር፤ ቀኑ ሲደርስም ጓደኛው ያስታውሰን። ከአዋቂ ቤት ሐኪም ቤት የሚደርሱ ብዙዎች የሚሞቱት በመሄዳቸው ሳይሆን በመቆየታቸው ነው።

አንዳንድ ሕመም ደግሞ ለቀጠሮ የማይመች አለ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ያኑኑ ዕለት ወደ ክትባት ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድነው የለም ማለት ይቻላል። በወጌሻ የታሰረ እጅ ወይም እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፥ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ እስራቱ በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ ሲነጋ እናያለን ሲሉ አድረው እጃቸው የተቆረጠ ልጆች በየሐኪም ቤቱ አሉ። ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፥ የምትደማ ወላድ፥ እባብ የነደፈው ሰው፥ እነዚህ ሁሉ መንገዳቸው አንድ ነው፤ እሱም ወደ ሐኪም ቤት ነው።

እስካሁን ለተማሪው ተናገርን፤ አሁን ደግሞ ለመምህራኖቻችን ጥቂት ቃል አለን። ጓደኛችን ለሐኪሙ የዋሸው ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ እውነት የተናገረ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ሲዋረድ ስላየ ነው። የሕክምና መምህራኖቻችን ለተማሪዎቻቸው ስለ ልብና ስለ ሳንባ አጠያየቅ ያስተምራሉ፤ «ከሐኪም ሌላ የወሰድከው ነገር አለ?» የሚለውንም ጥያቄ ያለ ቁጣና ያለ ሳቅ መጠየቅ እንዲያስተምሩ እንለምናለን። ቁጣ ሕመምተኛውን ከቅጠሉ አያርቀውም፤ ከሐኪሙ ግን ያርቀዋል።

የዕፅዋትና የመድኃኒት ቅመማ መምህራንም አሉን፤ ከግቢያችን አጥር ውጭ ደግሞ እውቀታቸውን ለአንድ ልጅ ብቻ አውርሰው፥ ልጁም ከተማ ገብቶ ረስቶት፥ ይዘውት የሚሞቱ ሽማግሌዎች አሉ። አንድ ሽማግሌ ሲሞት አብሮት የሚቀበረው ሁሉ እውነት ነው አንልም። ከውስጡ ግን ሌላ እንዶድ ቢኖርስ? ከውስጡ ለትውልድ ሰው ሲጎዳ የኖረ መርዝስ ቢኖር? ሁለቱንም ለማወቅ መንገዱ ሄዶ መጠየቅ፥ መጻፍ፥ መመርመር ነው። ሽማግሌውም ምስጢሩን የሚሰጠን፥ ከተገኘው ጥቅም ድርሻው እንደማይወሰድበት ሲያምን ነው። ይህን እምነት መስጠት የኛ ዕዳ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛው፥ በተማሪዎች ጤና ክፍል በሚሞላው ካርድ ላይ ስለ ሀገር መድኃኒት አንድ መስመር እንዲጨመር፥ መልሱም በተማሪው ላይ መሳቂያ እንዳይሆን ከክፍሉ ኃላፊዎች ጋር እንዲነጋገሩበት ነው። ሁለተኛው፥ በዕረፍት ወደየሀገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ከአያቶቻችን አንድ የመድኃኒት ተክል ስሙን፥ አዘገጃጀቱን፥ የሚያውቁትንም ጉዳቱን ጠይቀን፥ ፈቃዳቸውንም ተቀብለን፥ ቅጠሉን በጋዜጣ መካከል አድርቀን እንድንመለስ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ መቀመጥና መስማት ብቻ ይበቃል።

ጓደኛችን በሚቀጥለው መስከረም ከኛ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ይመለሳል። በዚያች ሐኪም ቤት ክፍል ውስጥ ከመካከላችን አንዱ «ጠጥቷል፤ እኛ ነን የወሰድነው» ብሎ ቢናገር ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር አናውቅም። ዝም ማለታችንን ግን እናውቃለን። ሌላ ጊዜ ዝም አንልም፤ እናንተም ዝም አትበሉ።